ጉበቱ እንስራ ነው ወይስ የማር እንጀራ?

አክስቴ ለቅሶ ቤት መሄድ ያቆመችው በአንዲት ጥያቄ ምክንያት ነው። ድንኳን ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች የማታውቃት ሴትዮ ጠጋ ብላ «ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት። አክስቴ ያኔ 47 ዓመቷ ነው። የመጨረሻ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ከዚያ በፊትም ምልክት ነበረ፤ ያላየነው እኛ ነን። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደዋጠች እጇን ትሰበስባለች። እኛ ቤት ደግሞ ጠገብኩ ማለት የልመናው መጀመሪያ ነው። «በሞቴ!» «ይቺን ብቻ!» እያልን እናጎርሳታለን። ማታ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ጨጓራ ነው አልን። ሦስት ዓመት ሙሉ የጨጓራ ኪኒን ዋጠች።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ታየች። ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ተገኙ፤ ሐኪሞቹ ሲስት የሚሏቸው። ባለሙያው ሃያ ድረስ ቆጥሮ ተወው። ወረቀቱ ላይ «በርካታ» ብሎ ጻፈ። ኩላሊቶቿም ላይ አሉ። የጉበት የደም ምርመራዋ ግን ኖርማል።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ታላቅ ወንድሟ «ቢላ አይንካት፣ ጸበል ትግባ» አሉ። ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ታካሚ ከውጭ ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ ደላላ በቴሌግራም አገኘ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ላከለት። በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ። ዋጋው በዶላር፣ ሆቴሉ፣ አስተርጓሚው፣ ከኤርፖርት የሚቀበለው ሰው፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ከታች «ሆድ አይከፈትም፣ በካሜራ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ትወጣለች» ይላል። ዕድሜዋን የጠየቀ የለም። ስለ ኩላሊቷ የጠየቀ የለም። ሲቲ ስካን ላኩ ያለ የለም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ መልእክት መልስ ነው። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ላይ ቅሬታ የለኝም። ሐሞት ከረጢቴን ያወጡልኝ በእሱ ነው፤ በሳምንቱ ቢሮ ገብቻለሁ። ክርክሬ ሌላ ነው። በዚህ በሽታ «በቢላ ነው ወይስ በካሜራ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ የሚመጣ ጥያቄ አይደለም። መጀመሪያ «ምን ዓይነት ጉበት ነው? የማን ነው?» መባል አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ከኋላ ያለውን ጥያቄ ፊት አምጥተን እንሸጠዋለን፤ እንገዛዋለንም።

ስለ በሽታው ትንሽ ልበል፤ ሐኪሞቹ ፖሊሲስቲክ ጉበት ይሉታል። ከረጢቶቹ የሚፈጠሩት ከጥቃቅን የሐሞት ቱቦዎች ነው። ከዋናው የቱቦ መረብ ተለይተው የቀሩ ቅርንጫፎች ውስጣቸው ውሃ እያመነጨ ይነፋሉ። በዘር የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊት ላይ ብዙ ሲስት ከሚያወጣው በሽታ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጉበትን ብቻ የሚይዝ ዓይነትም አለ፤ እሱ የራሱ ጂኖች አሉት። ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የኩላሊቱ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ አብዛኞቹ በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ጉበታቸው ላይም ሲስት ይገኛል። ደግነቱ አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ።

ጉበት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዓይን ቢጫ መሆን፣ ደም ማስታወክ፣ መጠጥ፣ ሄፓታይተስ ነው። ይኼ ሌላ ነው። ጉበቱ ሥራውን ይሠራል፤ ችግሩ ግዝፈቱ ነው። የጤነኛ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በዚህ በሽታ አሥር ኪሎ የሚያልፍ አለ። ጨጓራን ይጫናል፣ ሳንባን ወደ ላይ ይገፋል፣ ወገብን ያጎብጣል፣ እምብርት ላይ ሄርኒያ ያወጣል። ሰውየው እጁና ፊቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው «ደምሽ ኖርማል ነው፣ ሂጂ» የሚለው ሐኪም ከደላላው የማይሻለው። ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት ነው። ሴትዮዋ ግን ራት መብላት አልቻለችም።

አሁን ወደ ኦፕራሲዮኑ። ሲስትን በመርፌ ቀድቶ ማውጣት ቀላል ነው፤ ግድግዳው ውሃ ማመንጨቱን ስለማያቆም በሳምንታት ውስጥ ይሞላል። ታይዋናዊው ቀዶ ሐኪም ቲየን ዩ ሊን በፈረንጆቹ 1968 አንድ ዘዴ ጻፈ። ከረጢቱን ከማውጣት ይልቅ ከጉበት ወጣ ብሎ የሚታየውን ጣራውን ቆርጦ መክፈት፣ መስኮት ማውጣት እንበለው። ውሃው ከዚያ በኋላ ቢመነጭም ወደ ሆድ ዕቃው ይፈሳል፤ የሆድ ዕቃ ሽፋን ደግሞ ይመጥጠዋል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ያኔ የሚሠራው ሆድ ተከፍቶ ነበር። ካሜራው የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ካሜራው ራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኧ በ1985 የሐሞት ከረጢትን በቀዳዳ ሲያወጣ የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ተሳለቁበት። የዚያው አገር የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ከሰባት ዓመት በኋላ ሸለመው። ዛሬ ፌዙ ተገልብጧል። በቀዳዳ ያልተሠራ ሁሉ ኋላ ቀር ይመስለናል።

በቀዳዳ የሚሠራው እንዲህ ነው። ታካሚዋ ሙሉ ማደንዘዣ ትወስዳለች። ሆዷ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ መሥሪያ ቦታ እንዲገኝ። በሦስት ወይም አራት ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ ስክሪን እያየ የከረጢቱን ጣራ በሚያቃጥል መሣሪያ ይቆርጣል፣ ውሃውን ይመጥጣል፣ ሐሞት የሚያንጠባጥብ ቦታ እንዳለ ይፈትሻል። ጣራው ቤተ ሙከራ ይላካል። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቶሎ ቤት ይገባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ደላላውም አልዋሸም።

ግን ጉበት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ጉበት ላይ ትልልቅ ሲስቶች አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ፊት ለፊት ወጥተዋል። እንስራ በሉት። አፉን ስትከፍተው ይፈሳል፣ ይጎድላል፣ የተጫነው ነገር ይነሣል። ሌላው ጉበት የማር እንጀራ ነው። ከላይ እስከ ታች በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቤቶች፣ በመካከላቸው ጠንካራ ግድግዳ። ከላይ ያሉትን ሃምሳ ብትከፍት የውስጡ እንዳለ ነው፤ ጉበቱም ቅርጹን ይዞ ይቆማል እንጂ አይሟሽሽም። ቤልጅየማዊው ቀዶ ሐኪም ዢጎና ባልደረቦቹ በ1997 ጉበቶቹን በሦስት ደረጃ የከፈሉት በዚሁ መልክ ነው። አንደኛው ደረጃ ከአሥር ያነሱ ትልልቅ ሲስቶች፣ ሁለተኛው ብዙ መካከለኛ ሲስቶች ሆነው ጤነኛ ሥጋ በሰፊው የተረፈበት፣ ሦስተኛው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ብቻ የቀረበት። በቀዳዳ የሚሠራው መስኮት በደንብ የሚያገለግለው ለአንደኛው ነው። ለሁለተኛው አንዳንዴ። ሦስተኛው ላይ መስኮት መክፈት ለሐኪሙ ድካም፣ ለታካሚው ስቃይ ነው።

ቦታውም ይወስናል። ከጉበት ጀርባና ከዲያፍራም (ሳንባንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ሥር የተደበቁ ሲስቶችን በቀጥተኛ መሣሪያ መድረስ ያስቸግራል። በሲስቶቹ መካከል ባለው ግድግዳ ውስጥ ደግሞ የደም ሥርና የሐሞት ቱቦ ተደብቆ ያልፋል። ግድግዳ ነው ብለህ የቆረጥከው የደም ሥር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በጣም ያበጠ ጉበት ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሆዱን በጋዝ ነፍተን ቦታ እናገኛለን ብለናል፤ ሆዱ ግን አስቀድሞ በጉበት ሞልቷል። መሣሪያ ለማስገቢያ እንኳ ቦታ ይጠፋል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። በ2019 የታተመ፣ ከ1300 በላይ ታካሚዎችን ውጤት የደመረ ግምገማ አለ። ጉበት ላይ በወጣ ሲስት ተቸግረው በቀዳዳ የታከሙትን ነው ያየው። አብዛኞቹ አንድ ወይም ጥቂት ሲስት የነበራቸው ናቸው። ከ10 ሰው 9ኙ ተሽሏቸዋል፤ ሕመሙ የተመለሰባቸው ከ10 አንድ ገደማ ናቸው። ግሩም ነው። ብዙ ሲስት ያለባቸው ለብቻቸው ሲታዩ ግን ከሦስት ሰው ባንዱ ገደማ ሕመሙ ተመልሷል። ከአራት አንዱ ያህል ሌላ ሕክምና አስፈልጎታል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚመጣው ጣጣም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ሆድ ውስጥ ውሃ መጠራቀም፣ የሐሞት መፍሰስ፣ መድማት። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው የፊተኛው ቁጥር ነው። አክስቴ ያለችው ግን ከኋለኛው ውስጥ ነው።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ሆድ ውስጥ አንዴ ከተገባ ጠባሳ ይቀራል፤ አንጀት ከጉበት፣ ጉበት ከዲያፍራም ይጣበቃል። በካሜራ ሲሆን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በጣም ለባሰበት ሰው የመጨረሻው መፍትሔ የጉበት ንቅለ ተከላ ነው። የቀደመ ኦፕራሲዮን ያለው ሰው ላይ ያ ቀን ሲመጣ ሥራው ይከብዳል፣ ደም ይበዛል። ለ35 ዓመት ሴት የማር እንጀራ ጉበት «ትንሽ ነገር ስለሆነ እንሞክረው» ማለት ከወደፊት ዕድሏ ላይ ቀንሶ መውሰድ ነው። ለአገራችን ሰው የጉበት ንቅለ ተከላ ሕንድ ወይም ቱርክ ሄዶ፣ ለጋሽ ይዞ፣ ቤት ሸጦ የሚደረግ ነገር ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጥንቃቄው መብዛት አለበት እንጂ ማነስ የለበትም።

አሁን የራሳችን ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። የአክስቴ የመጀመሪያ ወረቀት ጫፍ ላይ «ሃይዳቲድ?» የሚል ነበረ፤ ከነጥያቄ ምልክቱ። ሃይዳቲድ ከውሻ ትል የሚመጣ ከረጢት ነው። በግ ታርዶ የታመመው ሳንባና ጉበት ለውሻ ይጣላል። ውሻው ትሉን ያሳድጋል፣ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይበትናል። ሰው በእጁ፣ በጎመኑ፣ በውሃው ይውጠዋል። በበዓል ግቢ ውስጥ አርደን «እንካ ቡቺ» ያልን ሁሉ ታሪኩን እናውቀዋለን። በሽታው አርብቶ አደር አካባቢዎች፣ ደቡብ ኦሞን ጨምሮ፣ በደንብ ይታወቃል።

ይህ ከረጢት በአልትራሳውንድ ሲጀምር ተራ ሲስት መስሎ ሊታይ ይችላል። ልዩነቱ ግን የሞት የሽረት ነው። ተራውን ሲስት ወደ ሆድ ዕቃ እናፈስሰዋለን፤ ሕክምናው ራሱ እሱ ነው። የሃይዳቲዱ ውሃ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ድንገተኛ ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ፣ እዚያው ተዘርቶም አዳዲስ ከረጢት ሊያበቅል ይችላል። እሱ በአልቤንዳዞል (በትል መድኃኒት) ሽፋንና በሌላ ጥንቃቄ ነው የሚታከመው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ጉበቱ ላይ ሲስት አለ ሲባል፣ ዋሽንግተንም ይሁን ቴል አቪቭ፣ «ልጅ ሆኜ በግና ውሻ ያለበት ቤት ነው ያደግሁት» ብሎ ሳይጠየቅ ቢናገር ደግ ነው። የፈረንጅ ሐኪም ይህን ላያስበው ይችላል። የአክስቴ በኋላ በጥሩ ሥዕልና በደም ምርመራ ተጣርቶ አለመሆኑ ታወቀ። ኩላሊቷ ላይ ያሉት ሲስቶችም የዘር በሽታውን የሚመሰክሩ ናቸው።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ላንሣ፤ ደላላው ስላላነሣቸው። አንድ ትልቅ ሲስት ብቻውን የሚያስቸግር ከሆነ በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ ተቀድቶ፣ ግድግዳውን የሚያደርቅ አልኮል ወይም ሌላ መድኃኒት ለደቂቃዎች ገብቶ ይወጣል። (አልኮል ስል አረቄ አይደለም፤ አንድ አጎቴ በጣም ተስፋ አድርገው ስለነበር ነው የምነግራችሁ።) ያበጠው ጉበት በአንድ ወገን ብቻ ከከፋ ያንን ወገን ቆርጦ ማውጣት አለ፤ ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው፣ ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ላንሪኦታይድና ኦክትሪኦታይድ የሚባሉ በየወሩ የሚወጉ መርፌዎች አሉ። የጉበቱን መጠን በጥቂት ፐርሰንት ይቀንሳሉ፣ ሲቆሙ ግን ይመለሳል፣ ዋጋቸውም አይቀመስም።

ከዚያ ደግሞ ጊዜ አለ። በሽታው በሴቶች ላይ የበለጠ ይበረታል፤ ለዚህም ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። የአውሮፓ የጉበት ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህ በሽታ ያለባቸው ሴቶች ኤስትሮጅን ያለበትን መድኃኒት እንዲያቆሙ ይመክራል። ብዙ የእርግዝና መከላከያ ኪኒኖች ውስጥ አለ፤ ለወር አበባ መቋረጥ የሚሰጠው ሆርሞን ውስጥም አለ። እኛ አገር በብዛት የሚሰጠው መርፌ የያዘው ሌላ ሆርሞን ስለሆነ በራሳችሁ ከማቆማችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ግን በብዙዎች ላይ የጉበቱ እድገት ይረግባል። እንግዲህ 48 ዓመት ላይ ያለች ሴትና 33 ዓመት ላይ ያለች ሴት፣ ጉበታቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ አንድ ዓይነት ምክር አይገባቸውም። ዕድሜ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚልክ ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ አይገባኝም።

ስለ ኩላሊቱም አንድ ነገር። ከዚህ በሽታ የሚመጣው የከፋ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከጉበት ይልቅ ከኩላሊት ነው። አክስቴ ደም ግፊት እንዳለባት የታወቀው በዚሁ ሰሞን ነው። ኩላሊቷ አሁን ደህና ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ሊያስፈልጋት ይችላል። ኩላሊት መተካት ከ2015 ጀምሮ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል፤ ለጋሹ የሚሆነው የቅርብ ዘመድ ነው። የዘር በሽታ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። «እኔ እሰጣታለሁ» የሚል እህት ወይም ልጅ ራሱ ሳያውቀው በሽታውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ዘር ማንዘሩ ሳይመረመር ቃል መግባት አይቻልም። እኛ ቤት ግን «በዘር ነው» የሚለው ቃል ሲነሣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያላገቡ ሴት ልጆች አሏት። «ማን ያገባቸዋል?» ተባለ፤ እውነቴን ነው፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን። ሁለቱ ልጆች ለማንም ሳይናገሩ አብረው ሄደው አልትራሳውንድ ታዩ። ውጤታቸውን እኔም አልጠየቅሁም።

አክስቴን ያየው ቀዶ ሐኪም ወጣት ነው። አንድ ክረምት የፈጀብን ቀጠሮ ነበር። ሲቲ ስካኑን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ «እማማ፣ የእርስዎ ሁለቱም ነው» አላት። ከጀርባ የማር እንጀራ ነው፤ በግራ በኩል ግን ፊት ለፊት አንድ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ሲስት አለ፣ ጨጓራዋ ላይ ተቀምጧል። «ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ሳላውቅ ቀዳዳም ቢሆን አልቀድም» አለ። በመርፌ ቀዳው። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ወጣ፤ ውሃ የመሰለ፣ ጥርት ያለ። እንደሚመለስ አስቀድሞ ነግሮናል። የፈለገው ውሃው በሌለባቸው ቀናት ምን እንደሚሰማት ማወቅ ነው።

በዚያ ማታ አክስቴ አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ በላች። ማንም በሞቴ አላላትም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሆዷ ተመልሶ ተወጠረ። አሁን ጥያቄው ጠበበ። ያንን አንዱን ሲስት ብቻ፣ ሌላውን ሳይነኩ፣ ወይ በአልኮል ማድረቅ ወይ በካሜራ መስኮት መክፈት። ሐኪሙ ሁለቱንም አስረድቷት የመጀመሪያውን መክሯታል፤ ግፊቷ ሲስተካከል በጥቅምት ትገባለች። ካልሠራ ካሜራው አለ። ታላቅ ወንድሟም ታረቁ፤ ጸበሉም አልቀረም፣ ቢላውም አልነካትም።

ደላላው ግን አልተወንም። ባለፈው ሳምንት «ለአዲስ ዓመት ቅናሽ አድርገናል» ብሎ ጻፈ፤ ከአበባ ሥዕል ጋር። የአጎቴ ልጅ መልእክቱን ለአክስቴ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ሥዕሌን አይቶታል?» አለች።

አላየውም አልናት።

«ታዲያ ምኑን ነው የቀነሰው?»